መሸኛኘት በማይመሽበት አገር

ሰው ሁሉ ከአውሮፓ ሲመለስ ፎቶ ያሳያል፤ እኔ የማሰማው የጉልበቴን ድምፅ ነው። ጆሃንስበርግ ዳር፣ ቶኮዛ ሰፈር ባለችው ሱቄ ውስጥ ዳቦ ላቀብል ብድግ ባልኩ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ ከብረት ፍርግርጉ ማዶ ያሉት ደንበኞቼም ሰምተው ይስቃሉ። «ማይ ፍሬንድ፣ አርጅተሃል» ይሉኛል። በቶኮዛ ስሜ ማይ ፍሬንድ ነው። ከእኔ በፊት ሱቁን ይዞ የነበረውም ማይ ፍሬንድ ነበር፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውንም ይኸው ስም ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ማርጀቱንስ አላረጀሁም። ጉልበቴን የጨረሰው ሽኝት ነው፤ እንዴት እንደጨረሰው ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ እግሬ። ጆሃንስበርግ ውስጥ እግር የተፈጠረው ፍሬንና ነዳጅ ለመርገጥ ብቻ ነው ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ። ከአልጋዬ እስከ ሱቁ ያለው አንድ በር ነው። ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ እቀመጥበታለሁ። ዕቃ ላመጣ ስወጣ ደግሞ ባኪ የምንላት ትንሿ የጭነት መኪናዬ ከደጄ ቆማ ትጠብቀኛለች። አዲስ መጥቼ መሀል ከተማ ሂልብሮው ሰፈር ስኖር በእግሬ እሄድ ነበር፤ ያውም ስልኬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከኋላዬ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በልቤ እየጸለይኩ። እንዲህ ያለው ግን መሄድ አይባልም፣ ማምለጥ ነው።

እንግዳ አክባሪነታችን ራሱ ተቀምጦ ቀርቷል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወዳጅ ቤቴ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ሲነሣ «ልሸኝህ» እለዋለሁ፤ የቀረን ቃሉ ነዋ። እሱ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ እኔ ሪሞቱን እጫናለሁ፣ የብረቱ በር እያቃሰተ ይከፈታል፣ እሱ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። አለቀ፤ ሸኘሁት። «ስትደርስ ሚስኮል አድርግልኝ» እላለሁ፣ ለተዘጋው በር።

በልጅነቴ ሆሳዕና ሳለሁ ሽኝት እንዲህ አልነበረም። ማቴዎስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ከመዘምራን ልምምድ ስንወጣ ልሸኘው ብዬ እስከ ደጁ አብሬው እሄዳለሁ። ደጁ ስንደርስ ወሬው ገና መሀሉ ላይ ነው፤ «ብቻህንማ አትሄድም» ብሎ እሱ ደግሞ እኔን ሊሸኘኝ ይመለሳል። የእኛ ደጅ ስንደርስ ወሬው ጭራሽ መጣፈጥ ይጀምራል፤ ታዲያ ሰው እንዴት ጓደኛውን ብቻውን ይሰዳል? እንደገና ልሸኘው እነሣለሁ። እንዲህ ስንመላለስ የሚገላግለን ጨለማው ነው። ጅብ ይጮኻል፣ የማቴዎስ እናት ከአጥሩ ጀርባ ስሙን ትጣራለች፣ እኔም እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ቤቴ እፈተለካለሁ። ምን እናወራ እንደነበር አንዱም ትዝ አይለኝም። ግን ይናፍቀኛል። ይኸው ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ማፈሩም አላዋጣኝም፤ ይናፍቀኛል።

እሱን ዕጣው ኮፐንሃገን ጣለው፣ እኔን ጆሃንስበርግ። በስልክ ሰላም ስንባባል ዘመናት አለፉ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ደወለና ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ልጁ ናትናኤል እዚያው ተወልዳ ያደገች ሩት የምትባል የአገራችንን ሰዎች ልጅ ወዷል። ሁለቱ እንደ ከተማው ወግ ኬክ ገዝተው ወደ አባቷ ሄዱና «ልንጋባ ወስነናል» አሏቸው። አባቷ አቶ ላምቤቦ ኬኩን በሉ አሉ። ከዚያ አፋቸውን ጠራርገው፣ ወስናችሁ ከመጣችሁ እኔን ምን አደረጋችሁኝ፣ ደጄን የረገጠ ሽማግሌ የለም፣ የልጁን ወገን አውቃለሁ የሚል ሰው አላየሁም ብለው አሰናበቷቸው። ሩትን ብቻቸውን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እሷም ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላለች። ኦስሎ ሥራ አግኝታ ኖሮ፣ አባቷ ዳግመኛ እምቢ ካሉ ነገሩን ሁሉ ትታ ልትሄድ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምራለች። «ቤታችንን ከልጅነት የሚያውቅ የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ ማቴዎስ። «ና፤ ሽማግሌ ሁነኝ።»

ሽማግሌ መባሉ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። የሆነ ሆኖ ሱቁን ለአጎቴ ልጅ በአደራ ትቼ፣ ቪዛዬ ላይ «ቱሪስት» ተብሎልኝ በረርኩ።

ቱሪስት ከተባልኩ ቱሪስት ልሁን አልኩና ቅዳሜን ከማቴዎስ ጋር ከተማውን ስዞር ዋልኩ። እዚያ አገር መኪናው እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ብስክሌት ነው። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ይነዳል፣ እርጉዝ ትነዳለች፣ ቅርጫት ሙሉ ጎመን የጫነች አሮጊት እኔን ቀድማኝ ትሄዳለች። ሴቶቹ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በግልጽ፣ ሰማይ እያያቸው ይሄዳሉ። አንዷን «እህቴ፣ ደብቂው እንጂ» ልላት ስል ማቴዎስ በክንዴ ጎተተኝ።

ከሁሉ የባሰብኝ የሕፃኑ ነገር ነው። አንድ ካፌ ደጅ ላይ ጋሪ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል፤ አጠገቡ ማንም የለም። እናቱ ውስጥ ገብታ ኬክ ትበላለች። ማቴዎስ የአገሩ ልማድ ነው፣ ንጹሕ አየር ይጠቅመዋል ይላሉ ብሎ አስረዳኝ። እኔ ግን ትቼው መሄድ አቃተኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ መኪና እንኳ ያለ ጠባቂ አይቆምም፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው አጠገቧ ካልቆመ ሆድ ይባባል። ስለዚህ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ጋሪው አጠገብ ቆምኩና ግራ ቀኝ እያየሁ መጠበቅ ጀመርኩ። እናትየው በመስኮት አየችኝ። ሹካዋን ጥላ እየሮጠች ወጣች። ማቴዎስ በዴንማርክኛ ምን ብሎ እንዳስረዳት እስካሁን አልነገረኝም፤ ስንሄድ ግን በሐዘኔታ ነበር የምታየኝ።

ከሰዓት ብስክሌት ተከራየሁ። በልጅነቴ ሆሳዕና ሜዳው ላይ በሰዓት እየተከራየን እንነዳ ስለነበር እጄ አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነው። ከፊቴ የሚመጣውን ሁሉ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ሰላም እላለሁ፤ ያደግኩበት መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሳይባል አይታለፍም። ለካስ እዚያ አገር ብስክሌት ላይ እጁን ያነሣ ሰው ልቆም ነው ማለቱ ነው። እኔ ሰላም ባልኩ ቁጥር ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ፍሬን ይይዛል፤ የደወሉ ጩኸት የሠርግ መኪና አስመሰለው። ብስክሌቱን መልሼ «በእግር ይሻላል» አልኩ። ከአፌ ባልወጣ ኖሮ።

የማቴዎስ ቤት ለጉዳዩ ከስዊድን በመጡ ዘመዶች ስለተጨናነቀ፣ ለእኔ ከተማው መሀል ካለው ሐይቅ ማዶ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ክፍል አውሶኝ ነበር። እራት በልተን ስነሣ ማቴዎስ ጫማውን አጠለቀና «ልሸኝህ» አለኝ።

ወጣን። የሐይቁን ዳር ይዘን ቀስ እያልን። ወሬው ከሆሳዕና ተነሣ፤ ማን ሞተ፣ ማን ከበረ፣ የመዘምራን መሪያችን ስንሳሳት እንዴት ጆሯችንን ይቆነጥጠን እንደነበር። ደጄ ስንደርስ ወሬው መሀሉ ላይ ነበር። «ብቻህንማ አትሄድም» አልኩት፤ ተመለስን። እሱ ደጅ ስንደርስ ደግሞ ናትናኤልን አነሣና ፊቱ ጠቆረ።

«ያለ አያት፣ ያለ አጎት ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ነገ ወገኑ ማነው ሲሉት የማሳየው አንተን ብቻ ነው። ልጅቷ ከሄደች እኔ ነኝ ያባረርኳት።»

እንዲህ ያለውን ሰው ደጁ ላይ ትቶ መሄድ ይቻላል? ተመለስን። እኔ ደጅ ስንደርስ አጽናናሁት፤ መጽናናቱን ሳላረጋግጥ ልለየው ስላልፈለግኩ እንደገና ሸኘሁት። እንግዲህ እኛ የምናውቀው ሽኝት የሚያልቀው ሲመሽ ነው። እዚያ አገር በሰኔ አይመሽም። ጀንበሯ ብትወርድም ብርሃኗ ከጣሪያዎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጅብ የለ፣ ከአጥር ጀርባ የሚጣራ እናት የለ። ሁለት ጎልማሶች ወሬያቸውን የሚቆርጥላቸው አጥተው በአንድ ሐይቅ ዳር ይመላለሳሉ። የሚሮጥ አንድ ሰው ሲሄድ አገኘን፣ ሲመለስ አገኘን፣ እንደገና ሲያገኘን እንደ ጎረቤት ሰላም ብሎን አለፈ። እኔ ደግሞ ከኋላዬ ኮቴ ማዳመጤን ረስቼ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ከሆሳዕና ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በመጨረሻ የገላገለችን የማቴዎስ ሚስት ብርሃኔ ነች። ስልክ ደውላ «ሰውየውን ገደልከው እኮ፤ ነገ የሚቆምልን እሱ ነው» ስትለው እኔም ሰማሁ።

እውነቷን ነበር። እሑድ ጠዋት ስነቃ እግሮቼ የእኔ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያን ለዝማሬ ሰው ሁሉ ሲነሣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ዋናው ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው፤ ሰባን የተሻገሩ፣ ጡረታ የወጡ ወንጌላዊ። ሁለተኛው አቶ በየነ የሚባሉ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዝምተኛ ከመሆናቸው የተነሣ ድምፃቸውን የሰማ የለም። ሦስተኛው እኔ። የአቶ ላምቤቦ ሰፈር መኪና አያስገባም ተባለና በብስክሌት እንድንሄድ ተወሰነ። ብርሃኔ ሦስታችንንም ነጭ ጋቢ አለበሰችን። እኔ ግን እግሬን አንሥቼ ኮርቻው ላይ ማውጣት አልቻልኩም። ቢሞከር፣ ቢደገፍ፣ እምቢ።

ብርሃኔ ገብታ ከጎረቤት አንድ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት እየገፋች መጣች፤ ከፊቱ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ያለው፣ የዚያ አገር ሰዎች ሕፃናቶቻቸውን መዋያ የሚያመላልሱበት። ጋሽ ጴጥሮስ ፔዳሉን ረገጡና ግባ አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎ እየነዱ እኔ እንዴት ብል፣ ነቢዩም በሠረገላ ሄዷል ብለው ዘጉኝ። ገባሁ። ጉልበቴ ጆሮዬ ላይ ደረሰ፤ ከሥሬ የአንድ ሕፃን ፕላስቲክ አካፋ ወገቤን ይወጋኛል። መብራት ላይ ስንቆም አጠገባችን ሌላ ሣጥን ቆመ፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ልጆች አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከመካከላቸው ትንሿ ብስኩቷን ዘረጋችልኝ። ከሆሳዕና እስከ ቶኮዛ ክብሬን ጠብቄ የኖርኩ ሰው፣ ለልጅ ጥየቃ ጋቢ ለብሼ፣ በሕፃን ሣጥን፣ በሽማግሌ እየተገፋሁ ሄድኩ።

አቶ ላምቤቦ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው። የአገሩ የድሮ ሕንፃ አሳንሰር አያውቅም። ደረጃውን አቶ በየነ ከኋላ እየገፉኝ፣ እኔ መደገፊያውን እየጎተትኩ ወጣሁት።

ደንቡን ለማያውቅ ልንገረው። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ቆሞ ነው የሚለምነው። ከተቀመጠ ለምኖ ሳይሆን ንቆ መጣ ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ይበላሻል። ይህን አቶ ላምቤቦም ያውቃሉ። በሩን ከፍተው ሦስት ጋቢ ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ተቀመጡ አሉን፤ ለመቀመጥ አልመጣንም አልን። እንግዲያው ቁሙ አሉና እሳቸው ሶፋቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ጋሽ ጴጥሮስ ንግግር ጀመሩ። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ከተላከው ከአብርሃም ሎሌ ነው የተነሡት። ሎሌው ግመሎቹን ሲጭን ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጕድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ላቤ በጆሮዬ ሥር ወረደ። ርብቃ ግመሎቹን ሁሉ እስክታጠጣ አንድ በአንድ ስትቀዳ፣ ጌታ ሆይ ግመሎቹን ቀንስልኝ ብዬ ጸለይኩ። በመጨረሻ አቶ ላምቤቦ እጃቸውን አነሡ።

«ገባኝ። የልጁን ወገን የሚያውቀው የትኛችሁ ነው?»

ከአውሮፕላኑ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የማቴዎስ አባት ደግነት፣ የእናቱ እጅ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድኩና «እኔ ነኝ» አልኩ። አልኩና ተቀመጥኩ። ወለሉ ላይ፣ ከነጋቢዬ፣ ዱብ።

ጋሽ ጴጥሮስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ በየነ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፤ «አለቀልን» አሉ።

«ሳልፈቅድ ተቀመጡ?» አሉ አቶ ላምቤቦ።

«ጋሼ፣ እኔ አልተቀመጥኩም፤ እግሬ ነው» አልኩ። ልነሣ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ቀጭ ብሎ መልሶ አስቀመጠኝ። በዓይኔ ላይ የሩት ሻንጣ መጣብኝ፣ ማቴዎስ ደጁ ላይ ያሳየኝ ፊት መጣብኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ በነነ።

እግርዎ ምን ሆነ አሉኝ። ማቴዎስ ሲሸኘኝ ነው አልኩ። የት አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ከእሱ ደጅ እስከ እኔ ደጅ፣ የሐይቁን ዳር ይዘን።

«እሱ እንኳ የሚያደክም መንገድ አይደለም» አሉ።

«እኔም መልሼ ሸኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«እሱ ደግሞ መለሰኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጋሼ፣ አልመሸልንም እኮ» አልኩ።

አቶ ላምቤቦ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲናገሩ ለእኛ አልመሰለኝም።

«የሩትን እናት የቀበርን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ደግ ነበር። እስከ ደረጃው ሥር አብሮኝ መጣ፣ የብስክሌቱን ቁልፍ ከፈተ፣ ሄደ። ይህንን ደረጃ ብቻዬን ልጄን አቅፌ ወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ማንም እኔን አልሸኘም፤ እኔም ማንንም አልሸኘሁም።» ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «ልጄ የምትገባበት ቤት ሰው ይሸኛል?»

«ጉልበቴን ይዩት» አልኩ።

አዩት። ጢማቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከሶፋቸው ተነሥተው ወደ ሁለቱ ዞሩና «በሉ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ያቺን ቃል ነበር የምንጠብቀው። ጋሽ ጴጥሮስ ተቀምጠው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። አቶ በየነ ተቀምጠው ውኃ ጠየቁ። እኔ ከፈቃድ ቀድሜ ስለተቀመጥኩ ባለሁበት አለቀስኩ።

በልተን ተመርቀን ስንወጣ አቶ ላምቤቦ ኮታቸውን ደረቡ። እስከ ደረጃው ሥር መስሎን ነበር። እኔ ሣጥኔ ውስጥ ገባሁ፤ እሳቸው የሣጥኑን ጠርዝ ይዘው ከጎኔ መሄድ ጀመሩ። ጋሽ ጴጥሮስ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። አቶ ላምቤቦ ለካ እሳቸውም የዚያው ልጅ ኖረዋል፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሆሳዕና ጠየቁኝ፤ ወፍጮ ቤቱ አለ ወይ፣ የገበያው ዛፍ ተቆረጠ ወይ። «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «አንተ» ይሉኝ ጀመር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ይመለሳሉ አልን፤ ተሻገሩ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ይመለሳሉ አልን፤ ወሬው መሀሉ ላይ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን የማቴዎስ ደጅ ደረስን። የሴት አባት ሠርግ ሳይደረግ የወንዱን ቤት ደጅ አይረግጥም፤ ጋሽ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አቶ ላምቤቦም የት እንደቆሙ ያን ጊዜ አዩ።

ከደጁ ፊት ለፊት ሐይቁ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ሩትና ናትናኤል ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ የእኛን ጥሪ ስትጠብቅ ውላለች። እኛ ደግሞ ከደስታው ብዛት መደወሉን ሦስታችንም ረስተነዋል። ቀና ስትል አባቷን አየች፤ እዚያ ደጅ፣ በሣጥን ውስጥ ያለ ሽማግሌ አጠገብ ቆመው። መልሱን ማንም አልነገራትም። እንባዋ ቀደማት።

«አባዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሽማግሌዎቹን እየሸኘሁ ነው» አሉ፤ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው ዓይናቸውን ሰበሩ። ማቴዎስ በሩን ከፍቶ ወጥቶ ግቡ ሊላቸው ሲንደረደር በእጃቸው ከለከሉት፤ ዛሬ አልገባም፣ ወጉ አይፈቅድም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔንስ ወደ ቤት ማን ይመልሰኛል?»

ሩት መጥታ አንዱን ክንዳቸውን ያዘች። ናትናኤል ይቅረብ ይቅር ጨንቆት፣ እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ቆሟል። አቶ ላምቤቦ ፊታቸውን ወደ እሱ ሳይመልሱ ሌላኛውን ክንዳቸውን ዘረጉለት። ሦስቱም በሐይቁ ዳር ሄዱ፤ እሳቸው መሀል ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ ቶሎ እንዳይደርሱ።